እጁን የናቀ ከተማ

እኩዮቼ ሆይ፣

ይህን ቃል የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ከእኔ ጋር ላረጃችሁ፣ በዕድር ድንኳን ከፊት ለምትቀመጡ፣ ጠብ ሲነሣ «ሽማግሌ ይግባበት» ሲባል ለምትጠሩ። ለወጣቱ አልጽፍም። ወጣቱ የሚጠየቅበት ቀን ገና ነው፤ የእኛ ግን ደርሷል።

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጃችንን ቀበርን። ስሙን አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ከመኪና ሥር ተኝቶ የኖረ መካኒክ ነበር። ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር ሁሉ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑን ለእሱ ያሳይ ነበር። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ቆሜ አዳመጥኩ። የተወለደበት ቀዬ ተነበበ። የልጆቹና የልጅ ልጆቹ ቁጥር ተነበበ። ለደብሩ ያዋጣው ተነበበ። ሙያው ግን አልተነበበም፤ «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ተባለና ታለፈ።

ወረቀቱን ያዘጋጀነው እኛ ነን። ከመካከላችን አንዱ «መካኒክ ነበር ብለን ለምን እንጽፋለን? ልጆቹ እኮ ትልቅ ቦታ ደርሰዋል» ሲል ሰማሁ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በዚያው ሙያ እንጀራ የበላሁ ሰው ሆኜ ሳለ ዝም አልኩ። ዛሬ ይህን የሚያስጽፈኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ማስጠንቀቂያዬ ይህ ነው። እጁን የናቀ ከተማ፣ ስለ እጁ የሚናገርለትን ሰው አይጠብቅም። ተናጋሪውን ዝም ሲያሰኙትም አይደነግጥም። ተናጋሪ ያጣ እጅ ደግሞ ወይ ይሰደዳል ወይ ሥራ ይፈታል። ይህ በእኛ አገር አስቀድሞ ሆኗል፤ አሁንም በዓይናችን ፊት እየሆነ ነው።

ከእኛ ከጎንደር ወደ ደቡብ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሚሲዮናውያን ጋር የመጡ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው፣ የአገሩን ልጆች ከእነሱ ጋር አድርገው ብረት ያቀለጡበት ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» የወጣው ከዚያ ምድጃ ነው። ያን መድፍ በጋሪ አስጎትተው መቅደላ ለማድረስ መንገድ ሲያስጠርጉ፣ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዓይናቸው ያዩ ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ያነሣው ጉልበት አጥሮ አልነበረም። ሥራ ነውር አለመሆኑን መኳንንቱ እንዲያዩ ይመስለኛል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ወደቁ፤ የጋፋት ምድጃም ዳግመኛ አልነደደም። ምድጃው የቆመው በአንድ ሰው ፈቃድ ነበርና በአንድ ሰው ሞት ጠፋ። የጋፋት ሠራተኛ በሸንጎ የሚናገርለት፣ «ይህ ሙያ የአገር ነው፣ ይቀጥል» የሚልለት ሰው አልነበረውም።

ወደ ሰሜን ደግሞ፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ወለቃ አለች። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ማረሻ ይቀጠቅጡባት፣ ሸክላ ይሠሩባት ነበር። አባቶቻችን በእነሱ ማረሻ አርሰው፣ በእነሱ ድስት ወጥ ሠርተው፣ ሲመሽ «ቡዳ ናቸው» እያሉ ልጆቻቸውን ያሸሹ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ የሚበልጡ በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጡ። የሄዱት በራሳቸው እምነትና ተስፋ ነው፤ በዚያ ላይ የምለው የለኝም። የምናገረው ስለ እኛ ነው። ብረት የሚያውቀው እጅ ከመካከላችን ሲወጣ «ምን አጣን?» ብለን ተሰብስበን የተጠያየቅንበት አንድ ቀን ትዝ ይላችኋል? እኔ ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛው ምሳሌ የጋራዡ ዘመን ነው። ጣሊያን በጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ሕንፃውንና የሊማሊሞን ጥምዝምዝ መንገድ ትቶልን ሄደ፤ ቋንቋውንም ትቶ ሄደ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፤ እነዚህን ቃላት ለእኔ ትውልድ ያስተላለፉት በጠላት ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲያነሡ፣ መፍቻ ሲያቀብሉ በዓይናቸው የተማሩ የጎንደር ልጆች ናቸው። ማንም አላስተማራቸውም፤ አይተው ያዙ። ነፃነት ሲመለስ የአገሩን የጭነት መኪናና አውቶቡስ ያስነሡት እነሱ ናቸው። ለአርበኛው ግጥም ተገጠመለት፤ ይገባዋልም። ለእነዚያ ሰዎች ግን አንድ የመንገድ ስም እንኳ ስናወጣ አላየሁም።

እኔ ጋራዥ የገባሁት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ያስተማረኝ ሰው ማንበብ አይችልም ነበር። መኪና ሲመጣለት ሞተሩን ያስነሣና ረጅሙን ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ይተክላል፤ እጀታውን ከጆሮው አስጠግቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሦስተኛው ነው» ይላል። ሞተሩ ሲፈታ የተበላሸው ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። እኛ ልጆቹ እንደ ተአምር እናየው ነበር። አሁን ሳስበው ተአምር አልነበረም፤ የሃያ ዓመት ጥንቃቄ ነበር። በዚያው ከተማ ሰርግ ሲጠራ ግን፣ ልብሱ ቤንዚን ይሸታል ተብሎ ከበር አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

ከእኔ ጋር በአንድ ወር የገባ አንድ ልጅ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ክሪኩ ተንሸራተተና ቸርኬው በቀኝ እጁ ላይ አረፈ። ሁለት ጣቶቹ ሄዱ። ባለጋራዡ ለሐኪም ቤት መሄጃ ጥቂት ብር ሰጥቶ ወደ እናቱ ሸኘው። እናቱ ሽማግሌ ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጡ፣ ነገሩን ሰሙ፣ ከዚያም «ልጄ፣ ከእግዜር የመጣ ነው፤ እርቅ ይሻላል» ብለው ሸኟት። ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ አባቴ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የሰበረውን ፍርድ ግን አላየውም። ለእርሱ ዕርቅ ማለት ደካማው ዝም ሲል ነገሩ አለቀ ማለት ነበር። እኩዮቼ ሆይ፣ እኛስ ስንቱን ነገር እንዲህ አድርገን «አስታረቅን»?

ዛሬ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከአርባ ስምንት እንዳይበልጥ ያዛል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ኃላፊ ነው ይላል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከአሥር በታች ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞችም ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። በግል ድርጅት ጡረታ ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። ይህን ሁሉ የምታውቁት ስንት ናችሁ? በከተማችን ያሉት ጋራዦች አብዛኞቹ አራት አምስት ሰው የሚሠራባቸው ናቸው። ልጁ «ረዳት» ይባላል፤ ውል የለውም፣ ጡረታ የለውም፣ ጣቱ ቢቆረጥ የሚመዘግብለት የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሕግ ከጋራዡ በር አላለፈም። ሕግ በራሱ እግር አይሄድም፤ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚወስደው።

ጠያቂ የሚያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ ከመቼውም ይልቅ አሁን ነው። በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አስታወቁ። የነዳጅ ግዢ የውጭ ምንዛሪ ይበላል፣ እኛ ደግሞ የውኃ ኃይል አለን፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ውሳኔውን አልቃወምም። የምጠይቀው ስለ እጁ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ከአስተማሪዬ የተማርኩትና ለልጆች ያስተማርኩት ሙያ ግማሹ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። ሌላም አደጋ አለ። የዚያ መኪና ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል። ኃይሉን የሚያስተላልፈው ወፍራም ሽቦ ብርቱካናማ ቀለም የተቀባው ሰው እንዲጠነቀቅ ነው። ይህን ያልተማረ ልጅ በባዶ እጁ፣ በተለመደው ፒንሳ ቢነካው ጣቱን አይደለም፣ ነፍሱን ነው የሚያጣው።

አንድ ጎረምሳ ባለፈው ወር ያን ሽቦ እያሳየ «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ስልሳ ዓመት በሙያው የኖርኩ ሰው፣ ለልጁ «አትንካው» ከማለት በቀር የምሰጠው ቃል አጣሁ። ደብረ ብርሃን ላይ በባትሪ የሚሠሩ ሚኒባሶች ይገጣጠማሉ፤ ያ መልካም ዜና ነው። የጎንደር፣ የዳባትና የደባርቅ መካኒክስ የት ይማር? ማን ያሠልጥነው? መሣሪያውን በምን ብድር ይግዛ? ይህ ለጋራዥ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። ውሳኔው በተነገረበት አዳራሽ፣ ውሳኔውን ባስታወቀው ባለሥልጣን ፊት፣ የሕዝብ እንደራሴ ቆሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

እዚህ ላይ ነው የምፈራው ነገር የሚመጣው።

የአገራችን ሠራተኛ ድምፁን ያሰማበትን ጊዜ እናስታውሳለን፤ ወጣቶች ነበርን። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ መናርን ተቃውመው መኪናቸውን አቆሙ። የካቲት 28 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። የማይነቃነቅ ይመስል የነበረው ዙፋን በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ፓርላማ ነበር፤ ተቃዋሚ ፓርቲ ግን አልነበረበትም። ሹፌሩ በአዳራሽ የሚናገርለት ስላልነበረ በአደባባይ ተናገረ። አደባባይ ሲናገር ደግሞ ምን እንደሚከተል የእኛ ትውልድ በልጆቹ ደም አይቶታል። ለዚህ ነው በሸንጎ የሚናገር ሰው ክቡር ነው የምለው። ነገር በሸንጎ ካላለቀ መንገድ ላይ ይፈስሳል።

ከዚያ ወዲህስ? በግንቦት 2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከ547 መቀመጫ የተቃዋሚ ፓርቲ ያገኘው አንዲት ብቻ ናት፤ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ። አምስት ዓመት ለብቻቸው ተነሥተው ተናገሩ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ያቺ አንዲት መቀመጫም ጠፋች። መቶ በመቶ የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ሆነ። ብዙዎቻችን «ሰላም ነው» አልን። በዚያው ዘመን የአገሪቱን አውቶቡስና የጭነት መኪና የሚገጣጥመው ቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ነበር። ኮርፖሬሽኑ የአገር ገንዘብ በቢሊዮን እየተቀበለ ሠራ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ሲደርስ ኃላፊዎቹ በከባድ ሙስና ተጠርጥረው ተያዙ፤ አገር ጉዱን በቴሌቪዥን ሰማ። ብሎን ሲያጠብቅ፣ ላሜራ ሲበይድ የዋለው ሠራተኛ ምን በደለ? ስሙ ግን አብሮ ጎደፈ። አንድም ተቃዋሚ ያልተቀመጠበት አዳራሽ የሚያስከፍለው ዋጋ ይኸው ነው። ጥያቄው በጊዜው ቢነሣ ኖሮ ፋብሪካውም ሠራተኛውም በተረፉ።

የግሉንም አይተናል። ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ «አባይ» የምትባል መኪና ሲገጣጥም ስንት ወጣት ደስ ብሎት ሙያ ያዘ። ድርጅቱ ግን በ2005 ዓ.ም. ግድም ተዘጋ። ፋብሪካ ሲከፈት ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይጠፋም። ሲዘጋ መፍቻውን አስረክቦ የወጣው ሠራተኛ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልተሰማም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ጥቂት የተቃዋሚ እንደራሴዎች ገቡ፤ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) አምስት፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ (ኢዜማ) አራት መቀመጫ አገኙ። ከአብን ተመራጮች አንዱ አቶ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን በሰብሳቢነት መሩ። የዚያ ኮሚቴ ሥራ የሕዝብ ብር የት እንደገባ መጠየቅ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ተያዙ፤ ያለመከሰስ መብታቸውን ምክር ቤቱ ያነሣው በኋላ ነው። የተከሰሱበትን ነገር እኔ አልፈርድም፤ ዳኛ አይደለሁም። ስለ መካኒክና ስለ ሹፌር ተናገሩ ብዬም ያላሉትን በአፋቸው አላኖርም። የምናገረው ስለ ወንበሩ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 እንዲህ ይላል፤ የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው። በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየትና ድምፅ አይከሰስም። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። መራጩ እምነት ካጣበት ደግሞ ሊያወርደው ይችላል። ይህ መብት ለሰውየው ምቾት የተሰጠ አይደለም። ለእኛ ነው የተሰጠው፤ ስለ እኛ ሲናገር ምላሱ እንዳይንቀጠቀጥ። ያ ወንበር ባዶ ሲሆን ባዶ የሆነው የጠያቂው ቦታ ነው። ስንቶቻችን «አሁን ማን ይጠይቅልን?» አልን? እኛ የተባባልነው «አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት» ነው።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ተብለን አደግን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብለን አደግን። እነዚህ ቃላት አባቶቻችንን በክፉ ዘመን አትርፈው ይሆናል። እኛ ግን ለልጆቻችን ስናወርሳቸው ጥበብ አድርገን ነው፤ በእውነቱ የፍርሃት ውርስ ናቸው።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በብራዚል፣ ሳኦ ቤርናርዶ በምትባል የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ ሉላ የሚባል የብረት ሠራተኛ ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ማሽን ትንሿን ጣቱን ወሰደበት። የወታደር መንግሥት ባለበት ዘመን የመኪና ሠራተኞችን አድማ መራ። እ.ኤ.አ. በ1980 ታሰረ። በዚያው ዓመት ከባልንጀሮቹ ጋር የሠራተኞች ፓርቲ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ተመርጦ በተቃዋሚ ወንበር ምክር ቤት ገባ። አገሪቱ አዲሱን ሕገ መንግሥቷን ስትጽፍ የፋብሪካ ቋንቋ በአዳራሹ ተሰማ። በኋላ ፕሬዝዳንት ሆነ። የእርሱን ፖለቲካ አላወድስም፣ አልነቅፍም። ጣቱ የተቆረጠውን ልጅ አስቡልኝ። እዚያ አገር ጣቱን ያጣው ልጅ ምክር ቤት ገባ። እኛ ዘንድ ጣቱን ያጣው ልጅ «ከእግዜር ነው» ተብሎ ወደ እናቱ ተመለሰ። ልዩነቱ በልጆቹ አልነበረም፤ በዙሪያቸው በነበሩት ሰዎች ነው።

ስለዚህ እኩዮቼ ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሦስት ነገር አስጠነቅቃችኋለሁ።

አንደኛው ስለ ንቀት ነው። ልጃችሁ «መካኒክ ልሆን ነው» ሲል ፊታችሁ አይጥቆር። ልጃችሁን የብረት ሠራተኛ ሲያጭ «ዘሩ ምንድን ነው?» አትበሉ። የወለቃን ሰዎች «ቡዳ» ያለው ያው አንደበት ነው። ሹፌርና ረዳት በመተማ መንገድ ታግተው ቤተሰባቸው ቤቱን ሸጦ ገንዘብ ሲያፈላልግ እንደ ሩቅ ወሬ አትስሙት። ጤፋችንንና ሰሊጣችንን፣ የሐኪም ቤታችንን መድኃኒት የሚያመላልሱ እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ስለ ወገን ነው። አንድ እንደራሴ ስለ ሠራተኛ ሲናገር የምንጠይቀው «የማን ወገን ነው?» የሚለውን ሆኗል። ገዢው ፓርቲ የላከው ከሆነ አንዱ ይጠላዋል፤ ተቃዋሚ ከሆነ ሌላው ይፈራዋል። የመኪና ዘይት ግን ፓርቲ አይለይም፤ የሁሉንም እጅ ያጠቁራል። የሚናገረውን ቃል መዝኑ እንጂ የመጣበትን ደጅ አትመዝኑ። ለእንደራሴውም ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የሠራተኛውን ጥቁር እጅ ለምርጫ ፎቶ ይዞ ወንበር ላይ ሲወጣ የሚለቅ ሰው፣ ከባለጋራዡ የባሰ በዳይ ነው። ባለጋራዡ ጣት አስቆረጠ፤ እርሱ ተስፋ ያስቆርጣል።

ሦስተኛውና ከባዱ ስለ ዝምታችን ነው። በዚህ ዘመን መናገር ዋጋ እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ጥይት ይጮኻል፣ ሰው ሰውን ይፈራል። ማንንም ወደ እሳት አልልክም። ሽማግሌ ግን ጠመንጃ ከያዘውም ዱላ ከያዘውም ፊት ቆሞ «ይህ ልክ አይደለም» የሚልበት ክብር ከአባቶቹ ወርሷል። ያን ክብር የምናኖረው ለሰርግና ለተዝካር ከሆነ፣ ልጆቻችን ሽማግሌ የሌለው ከተማ ይወርሳሉ። ሽማግሌ በሌለበት ደግሞ የሚፈርደው ጉልበት ነው።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው፤ ለእኛ የሚቻል። በየዕድራችን ያሉትን የጋራዥ ባለቤቶች ጠርተን እናነጋግር፤ ረዳት ልጆቻቸውን በስም እንዲመዘግቡ፣ ውል እንዲጽፉላቸው፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለውን ወደ ትምህርት ቤት እንዲመልሱ። ጥቂት ጥቂት ሠራተኛ ያላቸው ጋራዦች ሠራተኞች ሕጉ የፈቀደውን ጠቅላላ ማኅበር ሲያቋቁሙ እኛ ከጎናቸው እንቀመጥ። ወደ ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄደን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሥልጠና እንጠይቅ። የመረጥናቸውንም እንደራሴዎች፣ የገዢውንም የተቃዋሚውንም፣ በደብዳቤ እንጥራቸው። ጥያቄው አንድ ይሁን፤ «ስለ ጎንደር መካኒክና ሹፌር በዚህ ዓመት በምክር ቤቱ ምን ተናገራችሁ?» የተናገረውን እናመስግን፣ ዝም ያለውን እናስጠንቅቅ። በመናገሩ የተቸገረ ካለም ቤተሰቡን እንጠይቅ። ይህ ፖለቲካ አይደለም፤ የሽማግሌ ሥራ ነው።

የወዳጃችን ሙት ዓመት ቀርቧል። በዕለቱ የሚነበበውን ወረቀት እኔ እጽፈዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር «መካኒክ ነበር» ይላል። ሁለተኛው መስመር ስንት መኪና ከሊማሊሞ ገደል እንዳተረፈ ይናገራል። ሦስተኛው «ይህን ባለፈው ሳንጽፍ የቀረነው እኛ ሽማግሌዎች በድለናል» ይላል። ወረቀቱ ከእኔ ቤት ነው፤ መጥታችሁ አብራችሁኝ ፈርሙ።